ሽማግሌ ያልመጣላት አኩራፊ

በሰው ፊት ቆሜ የምኮራበት አንድ ሙያ አለኝ ከተባለ ማኮረፍ ነው። ነርስነቱን ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብቼ ተማርኩት፤ ኩርፊያን ግን አንኮበር፣ እናትና አባቴ ቤት፣ ጡት ሳልጥል ነው የተማርኩት። እኛ ቤት ሰው አይጮህም። ሁለቱ ሲጣሉ አንድም ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። መጣላታቸውን የምናውቀው እናቴ ድመቷን ማናገር ስትጀምር ነው። "አንቺ፣ ለዚያ ሰውዬ ምሳው ቀርቧል በይው" ትላለች። ድመቷ እግሯን ትልሳለች። አባቴ መጥቶ ይበላል። በተራው ደግሞ እጁን እየታጠበ ወደ ግድግዳው ዞሮ "ወጡ ጨው አንሶታል፣ የሚሰማ ካለ" ይላል። በሁዳዴ መግቢያ የተጀመረ ኩርፊያ ለፋሲካ ዶሮ እንኳ የማይፈርስበት ጊዜ ነበር። እኔ እስክዳር ድረስ ሦስት ድመቶች በዚህ ሥራ ላይ እያሉ አልፈዋል።

የሚያስቀው፣ ወይም የማያስቀው፣ አባቴ የታወቀ አስታራቂ መሆኑ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ሰው ይሰማዋል። በአካባቢያችን ባልና ሚስት በተኳረፉ ቁጥር ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ይወጣል። ሰው ቤት ገብቶ "መነጋገር ነው ልጆቼ፣ መነጋገር ነው እንጂ" እያለ ሁለቱን አስታርቆ፣ መርቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። ከዚያ እቤታችን ደጃፍ ላይ ሲደርስ ፊቱን ያጠቁርና ካቆመበት ይቀጥላል። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ምንም አይመስለኝም ነበር። መነጋገር ለሌላ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት ይመስለኝ ነበር።

ባሌ የመዘዞ ሰው ነው። እነሱ ከዳገት ዳገት እየተጠራሩ ያደጉ ስለሆኑ አጠገባቸው ላለ ሰውም ድምፃቸውን አይቀንሱም። እሱ ደግሞ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ እሱም ይጮኻል፣ ሁለቱም ተስማምተው ይኖራሉ። ከመጋባታችን በፊት ቤተሰቦቹን ልተዋወቅ የሄድኩ ዕለት አማቴና ታላቅ ልጃቸው በአንድ የበግ ለምድ ጉዳይ ተነሡ። አቤት የጩኸቱ ብዛት! ዛሬ እዚህ ቤት ደም ሳይፈስ አይቀርም ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተነሣሁ። "ወዴት ነሽ አንቺ? ምሳ ሊቀርብ ነው እኮ" አሉኝ አማቴ። እውነትም ቀረበ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጃቸውን እያጎረሱ ነበር። እኛ ቤት ቢሆን ያ ለምድ ክረምቱን በሙሉ ያሻግረን ነበር።

እንግዲህ እኔና እሱ ተጋባን። የጤና ጣቢያ ነርስና የፋብሪካ ጠጋኝ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን መኖር ጀመርን። ልጅ ገና አልወለድንም፤ ይኼም የሁለቱም ወገን ዘመዶች ሌላ ርዕስ ሲያጡ የሚያነሡት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያውን ኩርፊያዬን ያኮረፍኩት በተጋባን በሦስተኛው ወር ነው። መናኸሪያ መጥቶ ሊቀበለኝ ቃል ገብቶ ረሳኝና በዚያ የደብረ ብርሃን ንፋስ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ቤት ገባሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ፊቴን አጠቆርኩ። ለጥያቄው "እህ" እና "እንጃ" ብቻ መለስኩ። ሳህኑን ሳስቀምጥ ከወትሮው ጠንከር አድርጌ አስቀመጥኩ። እናቴ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ባሌ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "እንዴት ያለ ሰላም ያለበት ቤት ነው ያለን" አለኝ። "እኛ ቤት እኮ ጆሮ አርፎ አያውቅም። እግዜር ይስጥሽ።"

ማድ ቤት ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ዓመት ኖርን፤ እኔ አኮርፋለሁ፣ እሱ ያርፋል። እኔ ስከሳ እሱ እየወፈረ ሄደ። ለጓደኞቹ ሁሉ "የኔ ሚስት ነገር አታውቅም" እያለ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በመሐል ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ሥልጠና ላከኝ። ርዕሱ በትዳር ውስጥ ስለሚኖር መልካም ግንኙነት ነበር፤ ለባለትዳሮች ምክር እንድንሰጥ ነው። ከራቫት ያደረገ አሠልጣኝ መጥቶ ሰው ያደገበትን ቤት ጠባይ ይዞ ትዳር ውስጥ እንደሚገባ፣ ዝምታም እንደ ዱላ እንደሚጎዳ በስላይድ አስረዳን። ደብተሬ ላይ አሳምሬ ጻፍኩ። በቡድን ሥራው "ግልጽ ውይይት" የሚለውን ክፍል አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ያን ዕለት ባሌን ካናገርኩት ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ሰርተፊኬቱን ይዤ ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። የአባቴ ልጅ አይደለሁ?

ነገሩ የፈነዳው፣ ወይም እኔ ቤት ሊፈነዳ በሚችለው መጠን የፈነዳው፣ ባለፈው ፋሲካ ነው። መዘዞ እነሱ ቤት ነበርን። በግ ታርዷል፣ ጠላው ወርዷል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንዱ አጎታቸው "ይቺ ልጅ ምነው ዝም አለች?" ብለው ወደኔ ጠቆሙ። ባሌ የጎድን አጥንት እየጋጠ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "የኔ ሚስት እኮ የመዘዞ በግ ናት! ብትጎትታትም ብታስራትም ድምፅ የላትም" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ እንባቸውን እየጠረጉ አጎረሱኝ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው፤ አንጀቴ አርሮ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ስጮህ የኖርኩ ሴት ድምፅ የላትም ተባልኩ፤ ያውም እየተበላች ካለች በግ ጋር ተመሳስዬ።

ደብረ ብርሃን ከተመለስን በኋላ ሁለት ሳምንት የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ከዚያ የመጨረሻውን እርምጃ ወሰድኩ፤ አኩርፌ ወላጆቼ ቤት ልሄድ ተነሣሁ። ይኼ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ያኮረፈች ሚስት አባቷ ቤት ከገባች ባሏ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ መጥተው አንቀመጥም ይላሉ። የልጅቷ አባት ምንም እንዳላወቀ ሆኖ "ምነው፣ በሰላም ነው?" ይላል። መጀመሪያ ቀን "ልጃችንን እናማክር" ተብለው ባዶ እጃቸውን ይሸኛሉ፤ ተመላልሰው፣ ለምነው፣ ባልየው ጥፋቱን አምኖ ነው ልጅቷ የምትመለሰው። በገዛ እግሯ ከተመለሰች ዕድሜ ልኳን ስትናቅ ትኖራለች። ትዳሬ ይቀጥላል ወይ ይፈርሳል የሚለው እንግዲህ በሽማግሌዎቹ መምጣት ላይ ተንጠለጠለ። ካልመጡ አልፈለገኝም ማለት ነው፤ በልቤ ቁርጥ አድርጌ ነበር።

ሻንጣዬን እሱ ፊት አዘጋጀሁ፤ እንዲጠይቀኝ ብዬ ልብሴን አንድ በአንድ እያጣጠፍኩ። ዚፑ አልዘጋ ሲለኝ መጥቶ ጉልበቱን ሻንጣው ላይ አድርጎ ዘጋልኝ። "ጋቢም ያዢ፣ አንኮበር ይበርዳል" አለኝ። እስከ መናኸሪያ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ፤ ለረዳቱ ነግሮ ገቢና አስቀመጠኝ፤ መኪናው ሲነሣ እጁን አውለበለበ። እንዲህ ተደስቶ ሚስቱን የሚሸኝ የተኮረፈ ባል አይቼ አላውቅም።

እናቴ ምንም ማብራሪያ አልፈለገችም። የሻንጣውን ትልቅነት አየች።

"አኮረፍሽ?"

"አኮረፍኩ።"

"ክፉኛ?"

"ክፉኛ።"

በነጋታው ጠላ ጠነሰሰች። ሽማግሌ ሲመጣ በደረቁ አይሸኝም። አባቴም ዓይኑ በራ። ስንት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ የሰው ደጅ የጠና ሰው አሁን በተራው ደጅ ሊጠናበት ነው! ጎረቤት ሄዶ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስመጣ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እየተንጎራደደ የሚመልስላቸውን ሲለማመድ እሰማዋለሁ። "ልጃችንን የሰጠናችሁ ልታስቀይሟት ነው?" ይላል፤ አይጥመውም፤ ድምፁን ወፍራም አድርጎ ይደግመዋል። ምን ሆንሽ ብሎ ግን አልጠየቀኝም። እናቴም አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። የነሱ ኩርፊያ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደወትሮው ነበር፤ "አባትዬው ለወንበሩ ምንጣፍ ይፈልግ እንደሆን ጠይቂልኝ" ትላለች እናቴ ለድመቷ።

ጠላው ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹ አልደረሱም። ከታች በመንገዱ ሦስት ሽማግሌ አብረው ባለፉ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ እነሱ ግን ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ቀበሌ ያልፋሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ገብሱ ዳር እየመጡ ሲያዩን ሰነበቱ። የዓመት ፈቃዴን ለኩርፊያ አውጥቼ እያለቀብኝ ነበር። ቀን ቀን እቀልዳለሁ፤ ነገር ግን ሆዴ ባባ። አልፈለገኝም ብዬ ማመን ጀመርኩ። ሌላ ክፍል ስከራይ፣ ዕቃ ስንካፈል፣ ሰርተፊኬቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳወርድ ይታየኝ ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ስልኬ ድምፁ የሚሰማው ስፒከር ላይ ሲሆን ብቻ ስለነበር ቤቱ በሙሉ ሰማ። ለነገሩ የባሌ ድምፅ ስፒከርም አያስፈልገው።

"እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ! ሰፈሩ ተስማማሽ? ተዝናኚ፣ አትቸኩዪ! ለአባባና ለእማማ ሰላም በይልኝ። ስትመጪ የገብስ ቆሎ እንዳትረሺ፣ እሺ?"

ተዘጋ። አባቴ ከዘራውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ልጄ" አለኝ፣ "ይኼ ሰውዬ ማኮረፍሽን ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም አባዬ? ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም! ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ!"

"ነግረሽዋል ወይ?"

እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ድመቷ እግሯ ሥር ነበረች፤ አላየቻትም። "ይነገራል እንዴ?" አለች። "ሰው እያየ አይገባውም?"

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። "አይገባውም" አላት። "እኔ መች ገብቶኝ ያውቃል? አንቺ ድመት ባናገርሽ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው ያረጀሁት።"

"አትጠይቀኝም ነበር?"

"እፈራለሁ" አለ አባቴ።

ያን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የስንቱን ቤት በር እያንኳኳ ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው፣ የገዛ ሚስቱን ምን ሆንሽ ብሎ መጠየቅ ይፈራል። እኔ መሐላቸው ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ፤ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ቤት በስሕተት የገባሁ መሰለኝ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ከተጠመቀው ጠላ በብርጭቆ ቀድታ ራሷ አመጣችለት። "ጠጣ" አለችው። አባቴ ብርጭቆውን ተቀበለና ቆሞ ጠጣው።

በማግስቱ ሻንጣዬን አነሣሁ። እናቴ ደነገጠች። "በገዛ እግርሽ? ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። ማኮረፌን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ብነግራትም አልተጽናናችም። ቢሆንም ቆሎውን ቆልታ፣ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ።

ደብረ ብርሃን እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። እሑድ ስለነበር ባሌ ቤት ነው። ሲያየኝ ደስታው አፈትልኮ ወጣ፤ ሻንጣዬን ነጠቀኝ፤ ቆሎውን አገኘ፤ ዘገነ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

"አኩርፌ ነበር የሄድኩት" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። "ከማን ጋር?" አለኝ።

ይኼን ሰው ልገድለው ወይስ ልስቅ አላውቅም ነበር። የበጉን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። "እንዴ! እሱ እኮ ሙገሳ ነው! ታጋሽ ናት ማለቴ ነው!" አለ። ያኔ ጮህኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጩኸቴ ስለነበር አልተቃናልኝም፤ ድምፄ መሐል ላይ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። መዘዞ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ አከራያችን ግን በሊጥ እጃቸው በር ላይ ደርሰው "ምነው ልጆቼ፣ ምነው?" ይሉ ነበር። አላቆምኩም። የአራት ዓመቱን ሁሉ አወጣሁት፤ መናኸሪያውን፣ "እግዜር ይስጥሽ" ያለኝን፣ ያስቀመጥኳቸውን ሳህኖች ሁሉ። ስጨርስ መልሶ እስኪጮህብኝ ጠበቅኩ። እንዲያውም ጓጓሁ፤ እንደ መዘዞ ሰዎች ተጯጩኸን፣ ከዚያ ምሳ ልንበላ።

አልጮኸም። ቆሎውን ከእጁ ወደ ፌስታሉ መለሰ፤ ጃኬቱን ለበሰና ወጣ።

ሦስት ቀን ዝም አለኝ። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደ ባለሙያ ነው የታዘብኩት። ጀማሪ ነበር። ፊቱን ማጥቆር ያውቃል፤ ግን ይረሳና "ጨው አቀብዪኝ" ይላል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው አንገቱን ይደፋል። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቄ ጠፋ። ይኼ ኩርፊያ አልነበረም። ያ ጩኸታም ሰው ግድግዳውን እያየ ይውላል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ነገር የሚያሰላ ይመስላል። ሄዷል አልኩ በልቤ። በመናገሬ አጣሁት።

ረቡዕ እሱ ፈረቃው አልነበረም፣ እኔም ተፈቅዶልኝ ለምሳ ቀደም ብዬ ገባሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ስለ ሽንኩርት አወራሁ። በሦስተኛው ወጣልኝ።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

ወዲያው መለሰልኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል።

"ለሰው ሁሉ ቤቴ ሰላም ነው እያልኩ ሳወራ ነው የኖርኩት" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሁን ወደኋላ እየሄድኩ አያለሁ። የትኛው ቀን ደስ ብሎሽ እንደነበረ፣ የትኛው ቀን አንቺ እየተቃጠልሽ እኔ እግሬን ዘርግቼ እንደነበር መለየት አቃተኝ። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ነው። ምናልባት አንድም ደስ ያለሽ ቀን የለም።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጠይቀኝ" አልኩት። "አንድ በአንድ ጠይቀኝ።"

ወደ እኔ ዞረ። "በሐምሌ ጣራው ያፈሰሰ ጊዜስ? ድስቱን ሁሉ ደርድረን የሳቅንበት?"

"እሱ የምሬን ነው።"

"እህቴ የተዳረች ቀን? ስትጨፍሪ ያመሸሽው?"

"አኩርፌ ነበር።"

"እየጨፈርሽ?"

"እየጨፈርኩ።"

በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። "የታመምኩ ጊዜስ? አጥሚት ያጠጣሽኝ?"

"የምሬን ነው።"

"የሰርጋችን ቀንስ?" ብሎ ፈራ ተባ እያለ አየኝ።

"ጫማዬ እግሬን ልጦኝ ነበር" አልኩት። "ግን የምሬን ነው።"

"ምነው ጫማውን አትነግሪኝም ነበር?"

"አልጠየቅከኝማ።"

እንዲህ እያልን አራት ዓመታችንን ጀርባና ፊቱን አየነው። ምሳ አልበላንም። እሱ ይጠይቃል፤ እኔ አስታውሳለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እንከራከራለን፤ ሁለት ሦስቱ ላይም ከልባችን ተጯጯህን። መጨረሻ ላይ የምሬን የነበሩት ቀናት ከኩርፊያዎቹ እጅግ በልጠው ተገኙ። እሱ እፎይ ብሎ ወደኋላ ሲደገፍ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ መኖሬን እኔም አላውቅም ነበር አልኩት።